ሰሃፋ በጭልጋ ዜማ

ባለፈው ሰሞን ካርቱም ውስጥ ከባሕሪ ወደ ሰሃፋ ሰፈር በምትሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ መስኮቱ ዳር ተቀምጬ ነበር። ከተማችን ያን ሁሉ የጦርነት መከራ ካየች በኋላ መኪናውም ሰዉም አንድ ሁለት እያለ እየተመለሰ ነው። የተቃጠለ ሱቅ ታያለህ፤ ከጎኑ ደግሞ በሩን አዲስ ቀለም ቀብቶ ጠዓሚያ የሚሉትን የሽምብራ ጥብስ የሚጠብስ ሰው ታያለህ። እኔም ይህንኑ እያየሁ፣ ማን ተመለሰ ማን ቀረ እያልኩ በሐሳብ ስሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሱዳናዊት ወደ ረዳቱ ዞር ብላ "ሰሃፋ ዘለጥ ስትደርስ አውርደኝ፣ ልጄ" አለችው፤ ዘለጥ የሚሉት አስፋልቱን ነው። ሃምሳውን የተሻገረች፣ ቶብ የሚሉትን ቡናማ መጎናጸፊያ የለበሰች ደርባባ ሴት ናት። ያለችው ነገር በቀን ስንትና ስንት ሰው የሚለው ነገር ነው። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዳኖች ሰሃፋን ሲጠሩ መሃል ላይ ያለችውን "ሐ" ከጉሮሯቸው ሥር ነው የሚያወጧት፤ መጨረሻውን ደግሞ ቆረጥ ያደርጉታል። እኛ ሐበሾች መሃሏን አቅልለን እናልፋታለን። ይህች ሴት መሃሏን እንደኛ አቀለለቻት፤ ይባስ ብላ የመጨረሻዋን "ፋ" ወደ ላይ አንስታ፣ ጎተት አድርጋ፣ ከዚያ ቀስ ብላ አወረደቻት። ሰሃፋን እንዲህ አድርጎ የሚጠራ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። እሱም እኔ ነኝ።

"ይቅርታ እህቴ፣ ይህን አጠራር ከየት አገኘሽው?" አልኳት በዓረብኛ።

"የቱን?"

"ሰሃፋን።"

ሳቀች። "እናቴ እንዲህ ነበር የምትለው፣ ያ ዐም፣ አጎቴ። እኛ ቤት ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው። ሌላ ሰው እንደዚህ እንደማይል ያወቅኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ልጆች ሲስቁብኝ ነው።"

እናቷ ማን እንደሆነች፣ በሕይወት እንዳለች ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ዘመን ግን ይህን ጥያቄ ሰው ይፈራዋል፤ ዋጥ አደረግኩት። እሷ ዘለጥ ላይ ወረደች። እኔ የምወርድበትን አልፌ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ እንባዬን እየጠረግኩ ነበር፤ ያየኝ ሰው ሐዘን ደርሶበታል ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ደስታ ነበር።

ጫኔ እባላለሁ። ሱዳኖች "ጨ" የምትባል ድምፅ ስለሌላቸው ሻኒ ይሉኛል፤ ከዕድሜዬ የሚበዛውን የኖርኩት ሻኒ ሆኜ ነው። የተወለድኩባት ጭልጋም እነሱ አፍ ላይ ሺልጋ ናት። እኔም በበኩሌ የአገራቸውን ስም ከዳር እስከ ዳር እያበላሸሁ ነው የገባሁት፤ ስለዚህ ቂም የለንም። ከመተማ ወርጄ መጀመሪያ የደረስኩባትን ከተማ እኛ ገዳሪፍ ስንል የዳቦን "ዳ" እንጠራባታለን፤ እነሱ አፋቸውን ሞልተው ያከብዷታል። ይህችን ከተማ እኛ ካርቱም እንላታለን፤ እነሱ ኸርጡም ይሏታል። "ኸ"ም "ጠ"ም እኛ ዘንድ ሞልተው ሳለ ለዚህች ከተማ ለምን እንደነፈግናት እስካሁን አይገባኝም። በ"ሐ" በኩል ግን ምክንያት አለን። ልጅ ሳለሁ ቄስ ትምህርት ቤት "ሐመሩ ሐ" እያልን ቆጥረናታል፤ ድምጿን ግን አባቶቻችን የት እንደጣሏት መሪጌታም አያውቁም ነበር። እኔ ያገኘኋት ባሕሪ፣ የአውቶቡስ በር ላይ ቆሜ ነው።

ያን ጊዜ ለጋ ጎረምሳ ነበርኩ። ገዳሪፍ ሰሊጥ እያጨድኩ ከርሜ፣ እዚያው ትርንጎ የምትባል የአገሬን ልጅ አገባሁ። ከዚያ ካርቱም ሥራ አለ ሲባል እኔ ቀደምኩ። እሷ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ገዳሪፍ አንዲት የአገራችን ሴት ዘንድ ቀረች። የተስማማነው ቋሚ ሥራ ይዤ ቤት ከተከራየሁ ልትመጣ ነው፤ ካልሆነልኝ ግን ሆዷ ሳይገፋ ወደ እናቷ፣ ወደ ጭልጋ ልትመለስ። አፋችንን ሞልተን "ትመለሳለች" አልን እንጂ የዚያን ጊዜ የመተማ መንገድ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ስንቱ ደርሼ እመጣለሁ ብሎ ወጥቶ ወሬው እንኳ አልተሰማም። እኔ ካርቱም ዳር ባለችው ማዮ ውስጥ ከአገሬ ልጆች ጋር ራኩባ በሚሉት የሰሌን ዳስ ሥር እያደርኩ፣ ጠዋት ጠዋት ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ድረስ ሥራ ፍለጋ እወጣ ነበር። ማዮ አስፋልት የሚባል ነገር አልደረሰባትም፤ ዝናብ ሲጥል ጫማችንን በእጃችን ይዘን ነበር የምንሻገረው። በየመንገዱ ሳስብ የምውለው ትርንጎን ነው።

ሥራውን የሰጡኝ ዐም እድሪስ የሚባሉ ሾፌር ናቸው። ዐም አጎት እንደማለት ነው፤ ሰው ሲጠሩ ከስሙ ፊት የሚያስገቡት "ያ" ደግሞ እንደ እኛ "ሆይ" ነው። ዓረብኛ አንቱታ የለውም፤ ፊት ለፊት "አንተ" እያልኩ ነበር የማወራቸው፤ በልቤ ግን ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምላቸው፤ ዛሬም በአማርኛ ሳነሳቸው ካለ አንቱታ ምላሴ አይታዘዘኝም። ረጅም፣ ጉንጫቸው ላይ የጎሳቸው ምልክት ያለባቸው፣ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ የሞተር ዘይት ጠብ ብሎ የማያውቅ ሰው ነበሩ። ባሕሪ መውቂፍ፣ ማለትም አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆሜ ሥራ ስጠይቅ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ጭልጋ አልኳቸው።

"ሺልጋ?" አሉ ዓይናቸውን ፈጠጥ አድርገው። "በወጣትነቴ ሎሪ ይዤ ወደ ጉንደር ስወጣ ሺልጋ ላይ ጭቃ ያዘኝ። አንድ ገበሬ ቤቱ አስገብቶ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አብልቶ አጠጥቶ፣ መኪናዬን በበሬ አውጥቶ ሸኘኝ። ስሙን እንኳ መጥራት አልቻልኩም ነበር። ያላ፣ በል መኪናው ላይ ውጣ!"

እኔ ያንን ገበሬ አላውቀውም። እግዜር ይስጠው፣ ያለ እሱ ደጅ ስጠና እቀር ነበር።

ረዳታቸው አግብቶ ወደ ጀዚራ ሄዶባቸው ስለነበር የኩምሳሪነቱ፣ የረዳትነቱ ሥራ ባዶ ነበር። አውቶቡሷ ወገቧ ላይ ሰማያዊ መስመር ያላት፣ በሯ መዝጊያ የሚባል ነገር የሌለው አሮጊት ነበረች። ከፊት መስታወቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተንጠልጥሎባታል፤ የቴፑ ካሴት በተጠላለፈ ቁጥር ዐም እድሪስ እርሳስ አስገብተው ያጠነጥኑት ነበር። የሱዳን ዘፈን ከእኛው ዘፈን ጋር ቅኝቱ እንዴት እንደሚገጥም ታውቃላችሁ፤ ቃሉ ሳይገባኝ ትከሻዬ ይገባው ነበር። ለሻይ ሽልን፣ ለመሳፈሪያ ሪያል የሚባሉ ሳንቲሞች ነበሩ፤ በኪሴ ሲንሿሿ ሀብታም የሆንኩ ይመስለኛል። ወንዱ ወይ ጀለቢያና ጥምጥም ነው ወይ እግሩ ሰፊ ሱሪ፤ ሴቶቹ ቶባቸው በየቀኑ ሌላ ቀለም ነው። ጠዋት ድልድዩ ላይ ስንወጣ ከአንዱ ወገን የሳሙና ፋብሪካው ሽታ፣ ከሌላው የወንዙ የእርጥብ ጭቃ ሽታ ይገናኛሉ። የዛሬዎቹ ሚኒባሶች ሽታቸው ሁሉም አንድ ነው፤ ወይ እኔ አርጅቼ አፍንጫዬ ደንዝዟል።

የኩምሳሪ ሥራ አብዛኛው በጣት ነው። አውራ ጣትህን ከመሃል ጣትህ ጋር አፋጭተህ ጧ ስታደርግ ተሳፋሪው ሒሳብ እንደምትጠይቅ ይገባዋል። እሱም መውረድ ሲፈልግ እንደዚሁ ጣቱን ያጮኻል፤ ቃል አይወጣውም። ይህን በአንድ ቀን ተማርኩት። ያስቸገረኝ መጥራቱ ነው። ኩምሳሪ መውቂፉ ላይ ቆሞ የሚሄድበትን ሰፈር እየጠራ ሰው መሰብሰብ አለበት። እኔ ደግሞ ከቤተ ክህነት ትምህርት የቀረልኝ ዜማ ስለነበር፣ ሳላስበው ሰሃፋን እንደ ማሕሌት እየጎተትኩ እጠራት ጀመር። መሃሏን አቀልላታለሁ፤ "ፋ"ዋን አነሳትና እያወዛወዝኩ አወርዳታለሁ። መውቂፉ በሳቅ ተንፈራፈረ።

ከሁሉ ትብስ የነበረችው ነፊሳ ናት። ሳሙና ፋብሪካ የምትሠራ፣ ከኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ ሰሃፋ የተወለደች ምላሰኛ ሴት ነበረች። ገና በሩቅ ስታየኝ በዜማ ትጀምራለች። አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ከኔ ቀድማ ትጠራለች፤ ከኋላዋ ያሉት ይቀበሏታል። ውስጤ ያርር ነበር። ጭልጋ ላይ ሰው እንዲህ ቢያደርገኝ ዱላ እናነሳ ነበር፤ እዚህ ግን እንግዳ ነኝ፤ ደግሞም በወሩ መጨረሻ ለትርንጎ የምልከው ነገር ያለው ከዚህ በር ነው። ጥርሴን ነክሼ እስቅ ነበር። ነፊሳ በዚያው አፏ "ቁርስ በልተሃል?" ትለኛለች፤ ፉል የተሞላ ዳቦዋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሳልጠይቃት እጄ ላይ ታኖራለች። በስድብና በእንክብካቤ መካከል ምን እንደምትፈልግ ግራ ይገባኝ ነበር።

አንድ ወር ያህል እንደሠራሁ የመውቂፉ አለቃ ሐጅ ባቢክር ጠሩኝ። ሐጅ ባቢክር ተራ የሚያስይዙ፣ ማን ቀድሞ እንደሚሞላ የሚወስኑ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ጫፍ አገር የሚያስተዳድሩ ሽማግሌ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

"ስማ ሐበሺ" አሉኝ። "አንተ መጥፎ ሰው አይደለህም። ግን መውቂፌን የሰርግ ቤት አደረግከው። ሰሃፋ ሰፈር ናት፤ ዘፈን አይደለችም። ሰው የሰፈሩን ስም በሥርዓት መስማት አለበት። እስከ ሐሙስ እንደ ሰው ከጠራህ ጥሩ። ካልሆነ ኸላስ፣ አበቃ፤ ሌላ ኩምሳሪ አለኝ።"

"ሐጅ፣ ሚስቴ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ስለ ሚስትህ እድሪስ ነግሮኛል። እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላት። ሐሙስ።"

ያን ቀን መንገዱ ሁሉ ጨለመብኝ። ሌላ ሥራ ፈልጌ ፈልጌ ነው ይህን ያገኘሁት። ይህ ካመለጠኝ ትርንጎ ከወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መተማ መኪና መውጣቷ ነው። ዐም እድሪስ በመስታወታቸው አዩኝና መኪናዋን አቁመው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

"ወልውልልኝ" አሉ።

መነጽሩን አፌ አስጠግቼ "ሃሃ" ብዬ ተነፈስኩበት።

"እሱ ነው! እሱኑ ትንሽ ወረድ አድርገህ፣ ከሆድህ። ያቺ ናት የሰሃፋ 'ሐ'። በል ድገም።"

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ትምህርት ሆነ። መኪናው ተራ በጠበቀ ቁጥር እኔ መነጽር እወለውላለሁ። በዓለም ላይ እንደ እሳቸው ንጹሕ መነጽር የነበረው ሾፌር አልነበረም። ሲሰለቸኝ ደግሞ ተራው የኔ ይሆናል፤ "ጭልጋ በል እስቲ" እላቸዋለሁ። ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ ለጥፈው፣ ትንፋሻቸውን አፍነው፣ "ሺ... ጢ... ቲሽ..." እያሉ መሪያቸውን በምራቅ ይረጩታል። "ይቺ አገራችሁ ሰው እንዳይገባባት በሩ ላይ አጥር አስቀምጣለች" ይሉኝ ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተሳካላቸውም። በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ሆዴን እስክይዝ አስቀውኛል፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

ሐሙስ ደረሰ። ጠዋት ባሕሪ ስንደርስ መውቂፉ ሞልቷል፤ ነገሩን ያልሰማ የለም። ሐጅ ባቢክር ሻያቸውን ይዘው አግዳሚያቸው ላይ ናቸው። ነፊሳ መስኮቱ ዳር ተቀምጣ፣ ለአንድ ቀን እንኳ አፏን ይዛ ታየኛለች። እኔ ደረጃው ላይ ወጥቼ መስቀለኛውን ብረት ያዝኩ።

"ጥራ" አሉ ሐጅ።

ከሆዴ ሳብኩና ለቀቅኩት። የወጣው ድምፅ ግን ጉሮሮው ላይ የዓሣ አጥንት የተሰነቀረበት ሰው ድምፅ ነው። "ሰኽኽፋ!" ሁለት ሦስት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ፤ ሊስቁ ነው። ደነገጥኩ። ሲደነግጡ ደግሞ አፍ ወደ ለመደው ይሮጣል። ሁለተኛ ስጠራ ያው የጭልጋ ዜማዬ ከነመጎተቷ፣ ከነመውረዷ ወጣች። ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብኝ ከርሞ ያን ዕለት የሳቀ አንድም የለም፤ ያኔ ነው ያለቀልኝ መሆኑን ያወቅኩት።

"ኸላስ" አሉ ሐጅ ባቢክር ከዘራቸውን አንስተው። ያዘኑ ይመስላሉ። "ውረድ ልጄ። ጥረሃል።" ከዚያም ወደ ኋላ ዞረው፣ ከእኛ ጀርባ ተራ የሚጠብቀውን አውቶቡስ ሾፌር በከዘራቸው እየጠሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "አንተ! ና ወደፊት! ሰሃፋ! ሰሃፋ!" አሉ።

ያሉት ግን በእኔ ዜማ ነው። መሃሏን አቅልለው፣ "ፋ"ዋን ወደ ላይ ሰቅለው፣ ሳብ አድርገው፣ ቀስ ብለው አወረዷት። አንድ ወር ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ጆሯቸው ሥር ስጮኽ ከርሜ፣ ሳያውቁት አፋቸው ላይ ቀርታለች።

ሐጅ ራሳቸው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ከዚያ ነፊሳ በመስኮቱ ብቅ ብላ "ያ ሐጅ፣ ኸላስ! አንተም ውረድ!" አለች። ሳቁ ሲፈነዳ ድልድዩ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። ሐጅ ባቢክር ፊታቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሳቁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዐም እድሪስ ጊዜ ሳያባክኑ ሞተሩን አስነሱ። "ያላ ያ ሻኒ!" አሉኝ። ሐጅ ቀና ሳይሉ በከዘራቸው ሂዱ አሉን። ከዚያ ወዲህ ስለ አጠራሬ ቃል የተናገረኝ የለም፤ መነጽር መወልወሉንም ተውነው።

ዛሬ ዐም እድሪስ የሉም፤ ሐጅ ባቢክርም የሉም። ሁለቱንም ሄጄ ቀብሬአለሁ። መውቂፉም ሁለቴ ተዛውሯል። ከዚያ በኋላ ኩምሳሪነቱን ትቼ፣ ትንሽ ሱቅ ከፍቼ፣ ሰሃፋ ላይ ልጆች አሳድጌ አርጅቻለሁ። በየጊዜው ከአገር የሚመጡትን ጎረምሶች አያቸው ነበር። ማዮ አድረው ባሕሪ ቀን ሥራ የሚሠሩ፣ ልባቸው ከዚህ አልፎ ባሕር ማዶ የሆነ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ ሐበሻ መሆናቸው እንዳይታወቅ በመጡ በሳምንቱ ጉሮሯቸውን እየቧጠጡ "ኸርጡም፣ ባሕሪ" ለማለት ይታገላሉ። አልፈርድባቸውም፤ ወረቀት የሌለው ሰው ድምፁንም መደበቅ ይፈልጋል። ግን "ተዉ ልጆቼ፣ በራሳችሁ አፍ ጥሩት፤ ይህ ሕዝብ ይሰማችኋል" እላቸው ነበር። የኔ አፍስ መች ተረፈና! ወንድሜ ከጎንደር ሲደውል "ካርቱም እንዴት ናት?" ይለኛል፤ እኔ "ኸርጡም ደኅና ናት" ስለው "ጫኔ ዓረብ ሆነ" ብለው ቤት ሙሉ ሰው ይስቅብኛል። እዚህ ደግሞ አፌን ስከፍት ገና ሐበሺ ነኝ። ልጆቼ ይባስ ብለው ጭልጋን እንደ ዐም እድሪስ ሺልጋ ይሏታል። ድሮ ይህ ነገር ያበሳጨኝ ነበር፤ አሁን ሁለት ቦታ የሚሳቅበት ሰው ሁለት ቦታ ቤት አለው እያልኩ እጽናናለሁ።

ከተማዋ የተበተነች ጊዜም የወሰደችን ነፊሳ ናት። አርጅታ፣ በልጆቿ ተደግፋ ነበር የምትሄደው። በራችንን አንኳኩታ፣ እኔንና ትርንጎን ከራሷ ልጆች ጋር መኪናው ላይ ጭና፣ ሸንዲ አጠገብ ወዳለው የአባቷ መንደር ይዛን ሄደች። የመንደሩ ሰዎች እነዚህ ሐበሾች እነማን ናቸው ሲሏት "የሰሃፋ ሰዎች ናቸው" ብላ መለሰች፤ ሌላ የጠየቀን የለም። እዚያው መንደር ዐረፈች፤ እዚያው ቀበርናት። ትርንጎ በአማርኛ ሙሾ ስታወርድላት የመንደሩ ሴቶች ቃሉ ባይገባቸውም አብረው ያለቅሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ከተማ የተመለስነው። የሚኒባሷን ሴት ወሬ ቤት ገብቼ ስነግራት ትርንጎ "እናቷም ያን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ነበረች ይሆናል" አለችኝ።

ያን ቀን ያለችው እሷ ካርቱም የገባችበትን ቀን ነው። ከዚያ ሐሙስ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ነው። ነፊሳ ሰሃፋ ውስጥ ቆርቆሮ ጣራ ያለው ክፍል አግኝታልኝ፣ ለትርንጎ "ነይ" ብዬ ልኬባት ነበር። የምትመጣበትን ቀን በትክክል አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ከባሕሪ ስንመለስ፣ ሙቀቱ ሰው በሚያፈርጥበት ሰዓት፣ ሰው ተጠቅጥቆ፣ ሱቅ አረቢ የሚባለው ገበያ ላይ የቆመ አንድ ጓደኛዬ ወደ መስኮቱ ሮጦ "ጫኔ! ትርንጎ መናኸሪያው ጋ ከሎሪ ወርዳ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች!" አለኝ። በአማርኛ ስለሆነ ሌላው ሰው አልገባውም፤ የፊቴ መለዋወጥ ግን ሳይገባቸው አልቀረም። ዐም እድሪስ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ወርጄ በእግሬ ልሮጥ ነበር ሐሳቤ።

ዐም እድሪስ መኪናዋን ዳር አቁመው ወደ ተሳፋሪው ዞሩ። "እናንተ ሰዎች፣ የሻኒ ሚስት መናኸሪያው ጋ ፀሐይ ላይ ናት፤ ሸክሟም ሁለት ነው። መንገዳችን አይደለም። ፈቃዳችሁ ነው?"

ሁሉም ከሥራ የሚመለስ፣ የደከመው፣ የራበው ሰው ነው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ምን ትጠይቀናለህ ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ንዳ!" አሉ። አውቶቡሱ በሙሉ ጣቱን አጮኸ። በሌላ ቀን ያ ድምፅ አውርደኝ ማለት ነበር።

ትርንጎን ግድግዳ ጥግ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጥቅልሏ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። አንድ ሙሉ አውቶቡስ ሰው መጥቶ ከፊቷ ሲቆም ደንግጣ ተነሳች። ሴቶቹ ወርደው ደግፈው አወጧት። ነፊሳ ቦታዋን ለቀቀችላት፣ በቶቧ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት፣ ከርከዴ ከየት እንዳመጣች እንጃ፣ አጠጣቻት። አንድ ሰው "የሙሽሪት መሳፈሪያ በእኔ ነው!" ሲል ሌላው "መድፉዕ! እኔ ከፍያለሁ!" እያለ ተጨቃጨቁ፤ የባለቤቴን ሒሳብ የሚጠይቅ ኩምሳሪ ያለ ይመስል። ሰሃፋ ስንደርስ የሚወርዱበትን አልፈው የመጡ ሁሉ ነበሩ። አንዱ ጥቅልሏን፣ አንዱ ድስቷን፣ ነፊሳ እጇን ይዘው እስከ ክፍላችን በር ሸኙን። አንዲት ሴት ለሕፃኑ ብላ የራሷን ልጅ ብርድ ልብስ አምጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ አንድ በአንድ "ኢንሻላህ በሰላም" እያሉ ወጡ።

በሩ ሲዘጋ ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የተሰጣትን ሁሉ በዓይኗ እያየች፣ "ጫኔ" አለችኝ፣ "እነዚህ ሁሉ ዘመዶችህ ናቸው እንዴ?"

አዎ አልኳት። ያን ጊዜ የዋሸኋት መስሎኝ ነበር።